ዱላ የቀመሰ ድንጋይ

ዝም የሚል ሰው ብዙ ነገር በነጻ ያገኛል። ሳይናገር አስተዋይ ይባላል፣ ሳይመክር መካሪ ይባላል። እናንተም ሠርግ ቤት ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ አይታችሁ «እኒህ ሰውዬ ስንት ነገር በሆዳቸው ይዘዋል» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ማን ያውቃል፣ የያዙት ረሃብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እኔ እንዲያ ያለሁ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይኸንንም እያወራኋት የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ንግግር ይከብደኛል። ሰው አሥር ቃል ተናግሮ ሲጨርስ እኔ አንዷን ገና እያዘጋጀሁ ጨዋታው ያልቅብኛል። በዚህ የተነሣ በሮብ ገበያ ዙሪያ በወሰን የተጣላ ገበሬ ሁሉ ሽማግሌ ሲመርጥ «ጥሩነህ ይግባበት» ይላል። ሁለቱ ባላንጣዎች ሲጯጯሁ እሰማለሁ፣ ማሳው ድረስ አብሬ እሄዳለሁ፣ ድንጋዩን አያለሁ፣ «እዚህ ነው» እላለሁ። በዚችው ብቻ ሃያ ዓመት ያህል ተከብሬ ኖርሁ።

በእኛ አገር ወሰን ሲተከል ከድንጋዩ ሥር አንድ እፍኝ ከሰል ይቀበራል። ድንጋይ ይነቀላል፣ ዛፍም ይቆረጣል። ከሰል ግን አይበሰብስም፣ አይበቅልም፣ ከብትም አይበላውም። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ያስቆፍራል፤ ጥቁሩ ከተገኘ ወሰኑ እዚያው ነው፣ መሐላም አያሻ። ይኸን ሕግ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። መዘዙም የመጣው ከዚያው ነው።

ጎረቤቴ አበጀ አንድ ክረምት ታሞ ራቅ ካለ ጠበል ሰነበተ። የእኔ ገብስና የእሱ ድንች ይዋሰናሉ፤ መካከላቸው ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ቀኑ ብራ ነበር፣ ሰው አልነበረም፣ እጄ ላይ መዶሻ ነበረ። ድንጋዩ አልነቀል ቢለኝ ደጋግሜ መታሁት፤ ጎኑ ተሸረፈ፣ ከዚያ በኋላ ተንገዳግዶ ወጣልኝ። ሁለት እርምጃ ወደ አበጀ ማሳ ወሰድሁት። ከሰሉንም አልረሳሁም፤ ለቃቅሜ ከአዲሱ ቦታ ሥር ቀበርሁት። ምስክሩ ሳይጠራ በፊት እኔ ቀድሜ አስጠናሁት ማለት ነው። አበጀ ድኖ ሲመለስ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» አልሁት። ደግሞ ከልቤ ነበር። ሰው ጉድ ነው።

ዓመታት አለፉ። ነገሩን እኔም እየረሳሁት ሄድሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ሰብለ የምትባል፣ ስለ ድንጋይ የተማረች ልጅ ከከተማ መጣች። ከጮቄ ተራራ ግርጌ ጀምራ በትንሽ መዶሻ ድንጋይ እያንኳኳች፣ ፍንጣሪውን በወረቀት እየጠቀለለች፣ ከእኛ ማሳ ደረሰች። አበጀ እንግዳ ካየ አፉን አይከድንም። ከየት መጣሽ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ድንጋይ ምን ሆነና ትማሪዋለሽ እያለ ከወሰኑ ዳር አስቀመጣት፤ እኔንም ጠራኝ።

«አባባ፣ ድንጋይ የደረሰበትን አይረሳም» አለችው።

ከዚያ የነገረችን ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሰው ከመፈጠሩ እጅግ በፊት ተራራ የሚያህል ድንጋይ ከሰማይ ወርዶ ምድርን የመታበት ጊዜ አለ፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም አለች። ጉድጓዱን ደለል ይሞላዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሣር ይበቅልበታል፤ በላዩ የሚያርስ ገበሬ ምንም አያውቅ። በድንጋዩ ውስጥ ያለች፣ ኳርትዝ የሚሏት፣ የአሸዋ ፍሬ የምታህል ነጭ ቅንጣት ግን ታውቃለች። ያ ምት በሆዷ ውስጥ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ያሰምርባታል። የእሳተ ገሞራ ትኩሳት እንዲህ አያደርጋት፣ የመሬት መንቀጥቀጥም አያደርጋት፤ ከሰማይ የወረደ ዱላ ብቻ ነው። ከቦርሳዋ ሥዕል አወጣች። አንዲቷን ቅንጣት በመሣሪያ አጉልተው ያነሡት ነው።

አበጀ ሥዕሉን አስጠግቶ አየና «ትልም ነው እንጂ ምን ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ትልም ነበር፤ የትኛውም በሬ እንዲያ አቅንቶ አያርስም።

በዚህ ብታበቃ መልካም ነበር። ዚርኮን የምትባል ሌላ ቅንጣት ደግሞ አለች አለች። ይቺኛዋ ብርቱ ናት፤ ዙሪያዋ ቀልጦ ሲፈስ እሷ ትተርፋለች። የምቱ ኃይል ሲበረታባት በውስጧ ያለው የዘመን ቁጥር ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። የተማሩት ይኸን አንብበው መመታቷን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተመታች ጭምር ይናገራሉ።

መቼ ጭምር!

ሰው መደንገጥ ያለበት ተራራ ከሰማይ ሲወርድ ነው። እኔ ተራራውን ረሳሁት። የደነገጥሁት ስለ መዶሻዬ ነው።

ይባስ ብሎ አበጀ «እስቲ ይኸን የእኛንም እይልን» አለና ወደ ወሰኑ ድንጋይ አመለከታት። ሰብለ ተነሣች፤ ዞረችው፤ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ከሽርፉ ፊት ቁጢጥ አለች። ሌላው ገላው በዝናብና በፀሐይ ወይቦ ቡናማ ሆኗል፤ ሽርፉ ግን ገና ጥቁር ነው። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይኸማ ዱላ ቀምሷል» አለች።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ማን እንዳለው ለማየት ዞር አልሁ መሰለኝ። ቃል ሲቸግረኝ የኖርሁት ሰውዬ ያን ቀን መቆሚያ አጣሁ፤ ጠበሉን፣ መዶሻውን፣ ሁለቱን እርምጃ፣ ከሰሉን፣ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ልጅቱ አፏን ይዛ አየችኝ። ከዚያ እያፈረች ነገረችኝ፤ የጮቄ ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ ያቺ ነጭ ቅንጣት የለችበትም፤ ብትኖርበትም የሰው ክንድ በሆዷ አንዲት መስመር አያሰምርም። «ሞፈር ነክቶት ይሆናል ልል ነበር እኮ» አለች።

ይኸን ለመስማት አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ።

አበጀ ከድንጋዩ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «አገሩ ሁሉ ወሰኑን የሚያስለየው ባንተ! አዬ ጥሩነህ!» ብሎ ዶማውን አነሣ። እኔም ድንጋዩን አጋደልሁለት። ከሥሩ ሲቆፍር እኔ የቀበርሁት ከሰል ወጣ። ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ገብስ ገብቶ ሲቆፍር ሳልለቅመው የቀረ ፍርፋሪ ወጣ። ቃሌና መሬቱ ገጠሙ። እዚያ ላይ መቆም ነበረበት። ግን ሰው አንዴ ከጠረጠረ መች ይቆማል፤ «አንተን ማን ያምናል» አለኝና ሌላ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገፋ። አትድከም አልሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ የተናገርሁት ነገር የለም።

ዶማው ጥቁር ይዞ ተነሣ።

ፍርፋሪ አይደለም። አንድ ሙሉ እፍኝ፣ ተጠቅጥቆ የተቀበረ፣ ማንም ያልለቀመው። እኔ አልቀበርሁትም። ከእኔ በፊት ያን ማሳ ያረሰው አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ በእነዚህ ቀበሌዎች ሰው በስሙ የሚምልበት ነበር። ለካ ድንጋዩን መግፋት የጀመርሁት እኔ አይደለሁም። አፈሩ ላይ ተቀመጥሁ።

አሁን ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አበጀ ግን አልጮኸም። ዶማውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ዞረና የራሱን ድንች ማሳ አየ። የአባቱን ማሳ፤ በዚያም ሥር ምን እንደተቀበረ ማን ያውቃል።

ሰብለ ምን ታውቃለች። ደስ ብሏት ጎንበስ አለችና ከሰሉን በወረቀት ልትጠቀልል ጀመረች። «አባባ፣ ይኸ ቤተ ሙከራ ቢገባ መቼ እንደተቃጠለ በግምት ይታወቃል» አለች። «በዚያኛው ማሳ በኩልም ብንቆፍር እኮ ጥሩ ነበር።»

«አይሆንም» አልን፣ እኔና አበጀ፣ እኩል።

እሱ ከሰሉን ከእጇ ተቀብሎ ጉድጓዱ ውስጥ መለሰው፤ እኔ በእግሬ አፈሩን ደፋሁበት። «ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው የሙታን ነው» አላት። ከዚያ ድንጋዩን ተጋግዘን እኔ ወደ ነቀልሁበት ቦታ መለስነው፤ አበጀም ሁለት እርምጃውን አገኘ። ስለዚያ ቀን ለማንም ትንፍሽ አላለም። አበጀ ነገር ሲደብቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድንጋዩን አቁመን ዙሪያውን በአፈር ጠቀጠቅነው። ከሰል ግን አልጨመርንበትም።