ነፃ ትምህርትና የአባቴ ባቄላ

ነፃ ነገር ያስጠረጥራል። አይደለም እንዴ? ገበያ ላይ አንዱ ሰውዬ «ቅቤ በነፃ ውሰዱ» ቢላችሁ ታመሰግኑታላችሁ ወይስ ቅቤውን ታሸታላችሁ? አባቴ፣ የኮሶዬው ገበሬ አያ ታከለ፣ ከሚያሸቱት ወገን ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ግን «ታዲያ መምህሩ ምን ያገኛል?» እያለ ይጨነቃል። እሱ በልጅነቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ሲማር ለየኔታ እንጨት ለቅሟል፣ ውሃ ቀድቷል። እኛን ደግሞ ሳይንስ የሚያስተምሩን አቶ ደረጀ ነበሩ፤ የኮሌጅ መምህር ናቸው፣ የእኛ ትምህርት ቤት መምህር ስላነሰው በፈቃዳቸው እየመጡ ይረዱናል። አንድ ቀን ተማሪ ሲጠይቃቸው «ይህን አላውቅም፤ ፈልጌ እመጣለሁ» አሉ። እኔ ጅሉ ቤት ስሄድ ይህን ለአባቴ አወራሁለት።

«በለው! ነፃ የሆነው ለካ ለዚህ ነው!» አለና ከትምህርት ቤት ሊያስወጣኝ ጎንደር ወረደ። እርሻው እጅ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የትምህርት ፍቅር ይዞኛል።

አባቴ ግን ፍርድ አያጓድልም። አስቀድሞ መምህሩን ሊፈትን ፈለገ።

«የኔታ፣ ምነው ውርጩ የላይኛውን ማሳ ትቶ የታችኛውን ባቄላዬን ይፈጃል? ብርዱ ያለው ላይ አይደል?»

ምንም ይሁን ብቻ ይመልሱ ብዬ እመቤቴን ለመንሁ።

«ቦታውን ሳላይ አላውቅም አያ ታከለ» አሉ።

«እንግዲያ መጥተው ይዩ!» አለ አባቴ፤ ይመጣሉ ብሎ እንዳይመስላችሁ።

ቅዳሜ በማኪና ኮሶዬ ከች አሉ! እኛው ቤት አደሩ። ጎህ ሲቀድ የአባቴን ካባ ደርበው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ የሙቀት መለኪያቸውን ላይኛው ማሳ ሰክተው አነበቡ፤ ታችም ወርደው ሰኩ። እውነትም ታች ይብሳል። አየር ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል ብለው አስረዱን። ያን ሁሉ የደከሙት ለአንድ ገበሬ ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው አመሰግናቸዋለሁ።

አባቴ ማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ውርጭ የመታውን ባቄላ ይነካካ ጀመር። እኔ ፊቱን ፊቱን አያለሁ። ሞፈሩን አንሳ ሊለኝ ነው?

«የኔታ፣ እውነቱን ልንገርዎ» አለ በመጨረሻ። «የማያውቅ ሰው እንዴት ያስተምራል ብዬ ልጄን ላስወጣው ነበር። አሁን ገባኝ፤ ለካ እርስዎም ገና አልጨረሱም። ሸጋ ሰው ነዎት፣ ብቻዎን አልተውዎትም። ልጁ ይመለስ፤ አብራችሁ ጨርሱ።»