በአብላጫ ድምፅ የዳነው ቢም

ሰው ሲዋሽ ለምጄዋለሁ። አርማታ ዋሽ ተብሎ ሲገደድ ግን ያየሁት እኛ ትምህርት ቤት ነው። እስቲ ፍረዱኝ!

ጎጆ ከተማ ሰባተኛ «ለ»ን ሒሳብ አስተምራለሁ። ጎጆን ለማታውቁ፣ ብርዱ ጋቢ ደርባችሁም አጥንት ይገባል ብዬ ልለፈው። የኔ ክፍል ከታች ነው፤ ከላዩ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት አለ። የላይኛው ወለል ያረፈው አንድ ወፍራም ቢም፣ አግድም በተዘረጋ የአርማታ ተሸካሚ ላይ ነው።

ሕንፃው ሲሠራ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከአምቦ እየተመላለሰች ለጥናቷ ፋይበር ቀብራበት ነበር። አዎ፣ ያው ኢንተርኔት የሚያመጣው ፋይበር! ፀጉር የምታህል የመስታወት ክር ከፌሮው ጋር አስራ፣ አርማታ አስፈሰሰችበት። በክሩ ብርሃን ትልካለች። ቢሙ ከተሰነጠቀ ክሩ ይለጠጣል፣ ብርሃኑ ይለወጣል፣ እሷም ኮምፒውተሯ ላይ ታየዋለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ አይደል?

ባለፈው መጥታ ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ። ቢሙ ከውስጥ እየተሰነጠቀ ነው፤ በእንጨት ተደግፎ እስኪጠገን ልጆቹ ይውጡ አለች። ስልሳ ሁለት ልጆች! በማግስቱ ያስተማርኩት ዓይኔን ከጣሪያው ሳልነቅል ነው።

ዳይሬክተራችን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መጀመሪያ ቢሙን ቀለም አስቀቡት። ቀጥሎ ስብሰባ ጠሩ። አዳራሽ ስለሌለን ደጅ፣ ንፋሱ ላይ ተቀመጥን። ልጆቹስ? እኔው ራሴ መልመጃ ሰጥቼ እዚያው ክፍል ትቻቸው መጣሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንዱ ተነስቶ፣ ገና ያልተመረቀ ሕንፃ እንዴት ታመመ ይባላል፣ ሊመርቁ የሚመጡት እንግዶች ምን ይሉናል ብሎ ተቆጣ። የንብረት ክፍል ኃላፊው ደግሞ ክሩ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ ያልሆነ ንብረት ስለሆነ የሚናገረው ተቀባይነት የለውም አሉ። ወይ ጉድ! ለመሰንጠቅም ደረሰኝ ያስፈልጋል?

ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ። በአንድ ተቃውሞና በሁለት ድምፀ ተአቅቦ፣ ቢሙ ጤነኛ መሆኑ በአብላጫ ድምፅ ፀደቀ። ተቃዋሚው እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፣ ተፈረመበት።

ይሄኔ ኦቦ ቶለሳ እጃቸውን አወጡ። ድንች የሚያመርቱ፣ የወላጅ ኮሚቴ አባል ናቸው፤ ልጃቸው የኔ ተማሪ ናት። ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት አንዱም እሳቸው ነበሩ። ድንች ሲበሰብስ ከላይ አይታይም፣ ስለዚህ አላውቅም ብዬ ዝም አልኩ አሉ። አሁን ግን እናንተ አውቃችኋል፤ ቢሙ ደህና ከሆነ ምን ብርድ ያስመታናል፣ የቀረውን አጀንዳ ሰባተኛ «ለ» ገብተን እንጨርሰው አሉ።

ዳይሬክተሩ ንጹሕ አየር ለጤና ጥሩ ነው አሉ። ጠዋቱን ሙሉ ቁርጥማቴ ሲሉ ያረፈዱት የንብረት ኃላፊ፣ ፀሐይዋ አሁን ትወጣለች ብለው ሰማዩን አዩ። አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም።

ኦቦ ቶለሳ «ቶሌ፣ እሺ!» ብለው ተነሱ። ቀጥ ብለው ሄደው የክፍሉን በር በረገዱት። «ኮታ! ኑ፣ ውጡ!» አሉ። ስልሳ ሁለቱም ደብተራቸውን ይዘው ብርዱ ላይ ወጡ። መምህሩ እኔ፣ ያወጣቸው ገበሬ! አፍሬ ሰሌዳውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

ማታ ለመሐንዲሷ ደወልኩላት። እህቴ፣ በክር አትድከሚ፤ ቢም ደህና መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ፣ ደህና ነው ያለውን ሰው ከሥሩ ወንበር አቅርቢለት አልኳት።