ዜና ማርሴሊና፦ ስለ ሸራው፣ ስለ ሩዙና ስለ ዝናቡ

በዘመነ ሸራ፣ ይኸውም የግብርና ምህንድስና የሙያ ፈተና ውጤት በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ መዋዒተ ፈተና፣ ዐቃቢተ ቦይ፣ እመ ፓምፕ ወትራክተር የተባለችው ማርሴሊና ዘነገደ ዱምላዎ በሩዝ አብቃዩ በኑዌቫ ኤሲሃ ምድር ሥራ ፈትታ ተቀምጣ ነበር። ለመስኖ መሥሪያ ቤቱ፣ ለትራክተር ሻጮቹ፣ ለጎተራ ሠሪዎቹም ማመልከቻ ልካ፣ ሁሉም በታላቅ ክብር ዝም ብለዋታል።

እናቷ እሜቴ ፔርፔቱዋ ግን፣ ፈተና ላለፈ ልጅ እንደሚደረገው የአገሩ ልማድ፣ የልጃቸውን ፊት ከበር የሚሰፋ አድርገው በላስቲክ ሸራ አሳትመው፣ ደጃፍ ሰቅለው አወጁ፦

«ይህን ሸራ የነካ ወዮለት! ከንቲባው ራሱ ቢለምነኝ አላወርደውም!»

አጎቷ ዴንሲዮም የቤቱን የካራኦኬ ዘፈን ማይክ ጨብጦ አወጀ፦

«ስማ ያገሬ ሰው! እኔ በለማዳ ጎሽ የማርሰውን እሷ አራት ዓመት ሙሉ በወረቀት አርሳዋለች! ኢንጂነርዬ፣ ሥራዋ ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

ማርሴሊናን ይህ ጥያቄ አንገበገባት።

በዚያም ወራት የቤቱ ሩዝ ሁሉ፣ የዓመት ቀለባቸው፣ እንዲደርቅ አስፋልቱ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። የማርሴሊና የመመረቂያ ጥናት ስለ ሩዝ ማድረቂያ ነበር፤ ማድረቂያው በሥዕል ብቻ አለ፣ በሥዕሉም ላይ ዝናብ የለም። ስለዚህ መጥረጊያ የታጠቀች አክስቷን፣ ማይኩን ያልለቀቀ አጎቷን፣ እየበሉ የሚዋጉ ዳክዬዎችንም አስከትላ ዘመተች፤ ሩዙንም ጠርጋ ከመረች። አሮጌው መሸፈኛ ግን ሲዘረጋ አይጥ በልቶት ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

ማርሴሊና ወደ ደጃፉ አየች። እናቷም ወዴት እንዳየች አዩ።

ያን ጊዜ ማጭድ አንሥታ፣ ገመዱን በጥሳ፣ የገዛ ፊቷን በአስፋልት እየጎተተች ክምሩን አለበሰችው፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ግንባሯ ላይ አንድ ድንጋይ፣ አገጯ ላይ አንድ ድንጋይ ጫነች። ሠራዊቱ ተገትሮ የእናቲቱን ፊት ተመለከተ። እሜቴ ፔርፔቱዋም አወጁ፦

«ምን ትገተራላችሁ? በጥርሷ በኩል ነፋስ እየገባ ነው፣ ያዙት እንጂ!»

ዝናቡም ወረደ፣ አባራም፤ ሸራው ሲገለጥ ሩዙ ደረቅ ነበር። ዴንሲዮ የመጨረሻውን አዋጅ አሰማ፦

«ኢንጂነራችን ሥራ ይዛለች! ክዳን ሆናለች!»

ሸራው ወደ ደጃፍ አልተመለሰም። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር መንደሩ «ማርሴሊናን አምጡ!» ይላል፤ እርሷም ፊቷን ጠቅልላ ተሸክማ ትመጣለች። አቤት ማርሴሊና፣ የሩዝ መከታ፣ መምህራን ያጨበጨቡለት ማድረቂያሽ አንዲት ፍሬ ሳያደርቅ ጉንጭሽ አገር አተረፈ! ጭቃው ከአፍንጫሽ አይልቀቅ፤ ስምሽም መስኖ መሥሪያ ቤቱ መልስ እስኪሰጥሽ ድረስ፣ ማለትም ለዘላለም፣ ይወደስ።