ጀማል ሃርድ ዲስካችንን ሲያድን

መመሪያ ማንበብ የሚንቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የኔው ጎረቤት ነው። ጀማል ይባላል፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። የማይፈታው ዕቃ የለም፤ ገጥሞ የመለሰውን ግን አላየሁም።

አንድ በጋ ላፕቶፓችን በሙቀት ሞተ። የሰርጋችን ፎቶዎች በሙሉ እዚያው ውስጥ ስለነበሩ ባለቤቴ ራህማ አኮረፈችኝ፤ የጅቡቲን ሙቀት ያመጣሁት እኔ ይመስል። ጀማል ይህን ሰምቶ መጣ።

«ሃርድ ዲስኩ ደህና ነው። ኬዝ ውስጥ ከተን ከውጭ እንሰካዋለን» አለ።

ባዶ የዲስክ መያዣ ኬዝ ገዝቶ ዲስኩን ከላፕቶፑ ፈትቶ ከተተው። ብሎን ሲተርፈው ፋብሪካው አብዝቶ ነው አለ። ከኬዙ የሚወጣው ገመድ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሁለት ራስ ነበረው፤ ጀማል አንዱን ብቻ ይዞት የመጣው የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። ኮምፒውተሩ በፈረንሳይኛ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ሲል ጠየቀ።

«እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል» ብሎ ጀማል «አዎ» የሚለውን ሊጫን ሲል ራህማ እጁን ያዘችው።

«ፎርማት ማጥፋት አይደለም እንዴ? ደግሞስ ይሄ ሌላው ራስ ለምንድን ነው?»

«እሱ ትርፍ ነው፣ እህቴ።»

ትርፉን ሰካችው። ለካ ዲስኩ ኤሌክትሪክ አንሶት ኖሯል፤ ሰርጋችን በስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ። ጀማል ምክንያቱን ሊያስረዳን ጀመረና ትቶት ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አንዱ ፎቶ ላይ እናቱ፣ አላህ ይዘንላትና፣ እልል ትላለች። በሕይወቷ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር።

«ይቺን ትሰጡኛላችሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሌላም ካለ እንፈልግ» አለችው ራህማ፤ ወንበርም ሳበችለት።