የብረቱ ሰውዬ ቀኝ እጅ

ሰው ሆኖ የማይሰበስብ የለም። አንዱ ከብት ይሰበስባል፣ አንዱ ባዶ ጀሪካን፣ አንዱ ቂም። አከራዬ ጋሽ ተሾመ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» እያሉ ያጠራቀሙት ጠማማ ምስማር አንድ ጎጆ ተመትቶበት ይተርፋል። ይህን ሁሉ አገሩ ይረዳል። ጠማማ ምስማር ይቃናል፤ ቂምም ቢሆን ቀኑ ሲደርስ ሥራ ላይ ይውላል። የእኔን ስብስብ ለማስረዳት ስሞክር ግን በአድማጬ ፊት ላይ ቀስ እያለ የሚመጣውን ርኅራኄ ብታዩት እናንተም ታዝኑልኛላችሁ።

የምሰበስበው የጃፓን ሮቦት ነው።

ሳቁና ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ። ሮቦት ስላችሁ እውነተኛውን ማለቴ አይደለም። ድሮ፣ እኛ ሳንወለድ፣ ጃፓኖች ለልጆቻቸው ከቀለጠ ብረት በቅርጽ እያፈሰሱ የሠሩት መጫወቻ ነው። ቁመቱ ከስንዝር እምብዛም አያልፍም፤ ክብደቱ ግን የሚዛን ድንጋይ ያህላል። ክንዱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ቡጢው በሞላ ተወንጭፎ ይሄዳል። የሄደ ቡጢ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የዚህ ዓለም ሰብሳቢ ሁሉ፣ በያለበት፣ እጅ ፈላጊ ነው።

እዚህ ደጋ ላይ ምን አመጣቸው ትሉ ይሆናል። የወሎ ሴት ናት ያመጣቻቸው። ያን ጊዜ መጫወቻዎቹ ወደ አረብ አገር ሀብታም ቤቶች በብዛት ገብተው ነበር ይባላል፤ ልጆቹ አደጉ፣ ሮቦቶቹ ዕቃ ቤት ገቡ፣ ዕቃ ቤቱን የምታጸዳው ደግሞ የእኛ አገር ልጅ ሆነች። በሻንጣዋ ጥግ ይዛው ትመጣለች። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን እስካሁን ካገኘኋቸው ዘጠኝ ሮቦቶች ስምንቱ የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ዘጠነኛው ከየት እንደመጣ አላውቅምና አልናገርም።

የምሠራው መካነ ሰላም፣ አንዲት መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በከተማችን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ «ዶክተር፣ አሻንጉሊቶቹ እንዴት አደሩ?» እየተባልኩ እገባለሁ። ትርፍ ቡጢዎቼን በባዶ የእንክብል ብልቃጥ አስቀምጬ «ቀኝ»፣ «ግራ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ ሮቦት ደግሞ አሥር ጥያቄ ያለው ቅጽ እሞላለታለሁ፦ ማን ሰጠ፣ የማን ነበር፣ ለማን መጣ፣ ምን ጎደለው... ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ስለምፈራ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ሃያት የምትባል የኤሌክትሪክ ሥራ የምትማር ልጅ ለአክስቷ የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ መጣች። ከሚዛኑ አጠገብ የቆመውን ሮቦት አየችና ፊቷን አጨፈገገች።

«እኛም ቤት፣ ከላላ፣ አንድ አለ። ከፈለግኸው መጥተህ ውሰድና ገላግለን።»

«የማነው?»

«የአንድ የሀብታም ልጅ። እትዬ ሰዓዳ አረብ አገር ያሳደጉት ልጅ ማስታወሻ ነው። ቡፌው ላይ አቁመውት በየጠዋቱ አቧራውን ይጠርጉለታል።»

«እትዬ ሰዓዳ ማናቸው?»

«እናቴ ናቸው» አለች፣ የቀበሌ ቁጥር እንደተጠየቀ ሰው።

መድኃኒቱን እስካዘጋጅ ድረስ ቀሪውንም ነገረችኝ። እናቷ አረብ አገር ሲሄዱ ሃያት አምስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት የተባለው አሥራ አራት ሆነ። ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ «እማ» የምትለውም አክስቷን ነው። እናቷ ከተመለሱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ሃያት ግን ለእናቷ፣ እኔ ለማላውቃት ሴት ከምጠቀምበት መጠሪያ የተሻለ አላገኘችላቸውም። እትዬ።

ፎቶውን በስልክ ላከችልኝ። ደረቱ ቀይ፣ ቀለሙ ምንም ያልተነካ፣ ቀኝ እጁ ብቻ የለም። እኔ ደግሞ አጅባር ገበያ፣ ያረጀ ቁልፍና ጓጉንቸር ከሚሸጥ ሰው የገዛሁት ቀይ ቀኝ ቡጢ ነበረኝ፤ ባለቤቱን ሁለት ዓመት የጠበቀ። የዚያን ቀን አንዲት እናት የሽሮፑን አወሳሰድ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ልቤ እዚያ ከላላ ነበር።

እሑድ ብልቃጤን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። የማተብ ሰው ብሆንም ከላላ ሄጄ በሌላ ሰላምታ በር ማንኳኳት አይሆንልኝም።

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም! ግባ የኔ ልጅ፣ ኸይር ነው?»

እትዬ ሰዓዳ እጃቸው የማያርፍ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። እስክቀመጥ ድረስ ጠረጴዛውን ሁለቴ ወለወሉት። ሮቦቱን በሻሽ ጠቅልለው አዘጋጅተውት ነበር። ስለ ዋጋ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ኻላስ፣ ውሰደው። ሃያት ይሂድ ካለች ምን ቀረኝ? ቤቱም አልወደደው።»

ይህን ያሉት ወደ ጓዳ እያዩ ነው። ሃያት እዚያ ሻይ ትቀዳለች። ቸኩለው የሚሰጡት ነገር ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን እኔ በጥርጣሬዬ የምተማመን ሰው አይደለሁም። ቅጼን አወጣሁ።

«እትዬ፣ ቅር ካላለዎት ጥቂት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ማን ሰጠዎት?»

«አላህ ይስጥህ! እዚያ አገር ስገባም እንዲህ አልጠየቁኝም» ብለው ሳቁ። «ማንም አልሰጠኝም። ማዳሜ ዕቃ ቤት ስታስጸዳ ጣይው አለችኝ፤ ከቆሻሻው ላይ አነሳሁት። የወንድሟ ነበር አሉ፣ የድሮ።»

«ያሳደጉት ልጅ አይደለም የሰጠዎት?»

«የትኛው ልጅ? ያሳደግኋቸው ሁለት ሴቶች ናቸው። በዚያ ቤት ወንድ ልጅ መች ነበር?»

ጓዳ ውስጥ የሻዩ መቅዳት ቆመ።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ቀጣዩ መስመር ባዶ ሆኖ ሲያየኝ አልችልም።

«ለማን ብለው አነሱት?»

እትዬ ሰዓዳ ጠረጴዛውን ለሦስተኛ ጊዜ ወለወሉ። «ለእሷ ነዋ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልሄድ ስል የጎረቤት ወንዶች ልጆች የቆርቆሮ መኪና ይነዱ ነበር። ንኪ ቢሏት ምን አለ! የወንድ ነው ብለው አባረሯት፤ ስታለቅስ ዋለች። እኔ ከነሱ የሚበልጥ፣ የሚከብድ ብረት አመጣልሻለሁ አልኳት። ያን አገኘሁ። ዘንድሮ አገሬ እገባለሁ ስል ሻንጣዬ ሥር አደርገዋለሁ፤ ኮንትራቱ ይራዘማል፤ አወጣዋለሁ። እንዲህ ስል ስል...»

ሃያት ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እና ለምን አልሰጡኝም?» አለች።

«ምን ብዬ? በአምስት ዓመትሽ ትቼሽ፣ ስመጣ በቁመት በልጠሽኛል። ሻሽ የጠመጠመች ልጃገረድ ፊት አሻንጉሊት ልዘርጋ? እንዳትስቂብኝ ፈራሁ። እዚያ ባቆመው አንድ ቀን ራሷ ታነሳዋለች ብዬ ነው።»

«መኪናውን አላስታውሰውም» አለች ሃያት።

«አንቺማ ለምን ታስታውሻለሽ? እኔ ነኝ የማስታውሰው።»

ሃያት ከትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ አቀበለችኝ። እኔም ሻዬን እንደ ትልቅ ጉዳይ አማሰልኩ፤ ስኳር እንዳልጨመርኩበት ያወቅሁት በኋላ ነው። ከቅጹ ላይ «የአሁን ባለቤት» የሚለው ገና አልተሞላም። ያን መስመር የምሞላው እኔ እንዳልሆንኩ፣ በራሴ የማልተማመነው እኔም እንኳ፣ እርግጠኛ ሆንኩ። ብልቃጡን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ።

«እጁ ይኸውና» አልኩ። «ምን ሆኖ ነበር የጠፋው?»

«ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ቁልፉን ነካው፤ በርሮ ሄደ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ አውሮፕላኑ ሊሄድብኝ ሆነ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቼ ለአንድ እጅ ብዬ ልቅር? ትቼው መጣሁ።»

ሮቦቱን ከሻሹ ፈትቼ ቡጢውን ገጠምኩት። ቀጭ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ የሚጥመኝ እሱ ነው። ሃያት ትሪውን አስቀምጣ ቀረብ አለች።

«ልንካው?»

«ያንቺ ነው» አሉ እናቷ።

በሁለት እጇ አነሳችው። ክብደቱን ስትሰማ ቅንድቧ ከፍ አለ። «ቀስ ብለሽ፣ ወደ ግድግዳው...» ብዬ ማስጠንቀቅ ስጀምር ቁልፉን ተጫነችው።

ቡጢው በጆሮዬ ሥር አልፎ፣ በተከፈተው በር ወጥቶ፣ ግቢው ውስጥ ለላሚቱ የተከመረው ጭድ ጋ ደረሰ። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

«ያ ረቢ! ዓይን ልታወጪ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ ሰዓዳ። ሃያት ግን ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ቡፌውን ስታይ የምታጨፈግገው ያ ፊት የት እንደገባ እንጃ። ሦስታችንም ወጣን። እናትና ልጅ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭዱ ውስጥ ተንበረከኩ። እፍኝ እፍኝ እያነሱ ያበጥራሉ፤ አንዷ የፈተሸችውን ሌላዋ እንደገና ትፈትሻለች፤ ሃያት ከእናቷ ፀጉር ላይ ጭድ እያነሳች መልሳ ክምሩ ላይ ትጥላለች።

«እንዲህ አይሆንም» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል። «እማ፣ አንቺ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ።»

የሰማሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅሁት ከእትዬ ሰዓዳ እጅ ነው። ያቺ የማታርፍ እጅ ያንኑ አንድ እፍኝ ጭድ ይዛ ቆመች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «እሺ» ብለው ወደዚያኛው ጎን ዞሩ፤ ፍለጋው ቀጠለ፤ ስለ ላሚቱ ማውራት ጀመሩ፣ ስለ አክስቷ ግፊት፣ ከባለ ቆርቆሮ መኪናዎቹ ልጆች ስለ አንዱ፣ አሁን አግብቶ ወልዷል አሉ።

«ዶክተር፣ አንተስ አትፈልግም? እንደ ችካል ቆምክ እኮ!» አለች ሃያት።

«እየፈለግሁ ነው» አልኩ።

ዋሸሁ። ቡጢውን ከሁለቱም በፊት አይቼው ነበር። ከጭዱ ወዲህ፣ ደረቁ መሬት ላይ ወድቆ ነበርና ዶሮ እንዳትወስደው ብዬ ረግጬዋለሁ። መጀመሪያ «አገኘሁት» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ በኋላ ግን እግሬን ማንሳት ከበደኝ። ይህን ያህል ከባድ መጫወቻ አላየሁም።

ጫማዬን ያነሳሁት ወደ መካነ ሰላም የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ሲል ነው፤ ቡጢውን በጫማዬ ጫፍ ወደ እትዬ ሰዓዳ በኩል ገፋ አደረግሁት። «አገኘሁት!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ። ተቀብዬ በብርሃን አየሁት። ከታች በኩል ቀዩ ቀለም በጫማዬ ተፍቋል። እንደ ሰብሳቢነቴ ሙያዬ የሚያዘኝን መናገር አለብኝ፦ ዕቃው ዋጋው ወርዷል።

ለእነሱ ግን አልነገርኳቸውም።