የሚስማሩ ሊቅ

የተቀበረ ጥንታዊ ሳንቲምና ጌጥ ለማግኘት የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞ ከእርሻ እርሻ የሚዞር ማኅበር ሁሉ አንድ ሰው አያጣም፤ ራሱ አንዳች የረባ ነገር ሳያገኝ የሌላውን አፈላለግ የሚያርም። ለእኛ ለኖርፎክ አውራጃ ሰዎች የደረሱን ሊቀ ጠበብት ክሊፎርድ ተርኬትል ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

በቤተ ክርስቲያኑ ቀዝቃዛ አዳራሽ ስንሰበሰብ፣ መሬት ሲርስ የማሽኑ ድምፅ እንዴት እንደሚጠራ ሻያችን እስኪበርድ ይሰብኩናል። ሜዳ ላይ ደግሞ ከኋላ ይከተላሉ። «ዝቅ! ዝቅ አድርገው! መጥረጊያ መሰለህ እንዴ?»

አንድ ቀን ከማኅበራችን ብሬንዳ የጥንት ሮማውያን የልብስ ማያያዣ አግኝታ ልታሳየን እየሮጠች መጣች። ሊቁ አገላብጠው አዩና «ቆንጆ ነው። ግን ጉድጓዱን በጣም አጥብበሽዋል» አሏት።

«መምህር ሆይ፣ ሲሞቱ ቀባሪዎቹንም ጉድጓዱ ጠበበ ይሏቸዋል» አለቻቸው።

«ይጠባላ! መቼ አስፍተው ቆፍረው ያውቃሉ?»

የእሳቸው ከረጢት የሚይዘው ግን ምንጊዜም ዝገት የበላው ሚስማር ነው።

በኅዳር አንድ እሁድ፣ እያካፋ፣ ጭቃው ላይ እኔና እሳቸው ጎን ለጎን ስንሄድ የጆሮ ማዳመጫቸው ገመድ ከማሽኑ ተነቀለ። ማሽኑ ለእኔም በሚሰማ ድምፅ ጮኸ፤ ብር ሲያገኝ ብቻ የሚያሰማው ያ ቀጭን ጩኸት ነበር። ክሊፎርድ አለፉት። ተመልሰው እዚያው ላይ አዞሩት፤ ደግሞ ጮኸ። አሁንም አለፉት። ጥቂት ራመድ ብለው ማሽኑ በወፍራሙ ሲያጉረመርም ግን ቀጥ ብለው ቆሙና ቆፈሩ። ሚስማር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሯቸው ቀጭኑን ድምፅ አይሰማም። ያን ሁሉ ዘመን ብሩ ከእግራቸው ሥር እየተጣራ፣ ለእሳቸው የሚደርሳቸው የዝገቱ ብቻ ነበር።

ፊቴን አዩ፤ ከዚያ የተንጠለጠለውን ገመድ።

«ጮኸ እንዴ?»

«ጮኸ።»

«የት ጋ?»

አሳየኋቸው። ተንበርክከው በጣቶቻቸው ጭቃውን ገለጡ። ዳሯ የተሸራረፈ፣ ንግሥት የተቀረጸባት ትንሽ የብር ሳንቲም ወጣች። መዳፋቸው ላይ ዝናቡ እስኪያጥባት አዩዋት።

«አይሪን ከሞተች በኋላ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ» አሉ። አይሪን ባለቤታቸው ነበሩ። «ወፎቹም ጭምር። እኔ እኮ የሐዘን መስሎኝ ነበር።»

ሳንቲሟን ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ለማኅበሩ እንዳትነግርብኝ። የደንቆሮ ምክር ማን ይሰማል?»

«አልናገርም።»

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከእሳቸው ጎን አልጠፋም። እኔ እንድሰማ ገመዱን አይሰኩትም፤ ቀጭኑ ድምፅ ሲመጣ ክንዳቸውን ነካ አደርጋለሁ። «አውቄዋለሁ፣ አትነካካኝ» ይሉኛል፤ ይቆፍራሉ።

በቀደም አዳራሹ ውስጥ ያገኟቸውን ሳንቲሞች ደርድረው ቆሙ። ብሬንዳ እንኳ አጨበጨበች፤ «በስተርጅና ምን ተገኘ? ምስጢሩን ይንገሩን እንጂ!»

ክሊፎርድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ወደ እኔ ግን አላዩም።

«ምስጢሩ» አሉ፣ «ጥሩ ጆሮ ነው።»

ከሁሉም አስቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።