መርፌው ሳይነቀል የተራዘመው ስብሰባ

ለምድጃ ሠሪዎች ጎዳና ነዋሪዎች በሙሉ። ከባድ ዜና ስላለ ቆማችሁ አታንብቡት። የጎዳናችን የአረጋውያን ኮሚቴ፣ ከነሊቀመንበሯ፣ በጠራራ ቀን መቀመጫው ላይ ተሰፍቶ ቀርቶ ነበር። የሰው ሕይወት አልጠፋም። እማማ ሃኦ ግን «የተረፍኩት ለትንሽ ነው» ብለዋል። ዝርዝሩ ከዚህ በታች ባለው ቃለ ጉባኤ ቀርቧል፤ ጸሐፊው የጨመረው ነገር የለም፣ ካለም ትንሽ ነው።

ቀን፦ በጨረቃ አቆጣጠር በአሥረኛው ወር፣ «ትንሹ በረዶ» በሚባለው ቀን። በረዶ አልነበረም፤ ዝናብ ነበር።

ቦታ፦ የአረጋውያን ማረፊያ ክፍል፣ በማጆንግ ጨዋታው ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ጣሪያው በማያፈስበት ወገን።

የተገኙ፦

1. እትዬ ሜንግ ጉዪላን፣ ሊቀመንበር፤ ከጥጥ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ። ሁለቱም ጉልበታቸው ላይ መርፌ አለ።
2. ጋሼ ሉዎ ቻንግሹን፣ አባል፤ የቀድሞ ጀልባ ቀዛፊ። ቀኝ ጉልበታቸው ላይ መርፌ አለ፤ ምላሳቸው ላይ የለም።
3. እማማ ሃኦ፣ አባልና የሁላችንም ታላቅ። ጉልበታቸውና ክርናቸው ላይ መርፌ አለ።
4. ሐኪም ፓንግ ዮንግደ፣ የክብር አባል። መርፌውን ሁሉ የሰኩት እሳቸው ናቸው።
5. ሩዪን፣ የሐኪም ፓንግ ደቀ መዝሙር። የመናገርም የመምረጥም መብት የላትም።
6. ዱ ፔንግ፣ ጸሐፊ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ትምህርቱን ከመሃል ቢያቋርጥም ከክፍሉ ውስጥ ቁርጥማት የሌለበትና እጁ ነጻ የሆነ እሱ ብቻ በመሆኑ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሞልቷል። ቀድሞ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እኩሌታው ገበያ፣ እኩሌታው አደባባይ ለጭፈራ እየሄደ ስላስቸገረ፣ ሐኪም ፓንግ የሰዉን ቁርጥማት ለማስታገስ በየመገጣጠሚያው ቀጫጭን መርፌ ሰክተው ከጨረሱ በኋላ ስብሰባው እንዲከፈት ከዚህ በፊት ተወስኗል። ጉልበቱ ላይ መርፌ ያለበት ሰው ተነሥቶ አይሄድም። በአገሩ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት ያለው ኮሚቴ የለም።

ስብሰባው ምሳ ተበልቶ ሳህን እንደታጠበ ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ የሚያፈሰው ጣሪያ

ሊቀመንበሯ፣ የጣሪያው እርጥበት በአንድ በኩል እየገባ ሐኪም ፓንግ በሌላ በኩል የሚያስወጡት ቁርጥማት መልሶ እየገባ መሆኑን አስረዱ። ጋሼ ሉዎ፣ ጀልባቸው ከዚህ ክፍል ያነሰ ውሃ ታስገባ እንደነበር ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሸራ እንዲለጠፍ ተወሰነ። ማን መሰላል ላይ እንደሚወጣ ሲጠየቅ ሁሉም ጉልበቱን አሳየ። ጸሐፊው ወደ መስኮቱ አየ።

በዚህ መካከል የእንቁላል መቀቀያዋ ሰዓት ጮኸች። ይህ ማለት መርፌው የሚነቀልበት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው።

ሐኪም ፓንግ ተነሥተው ወደ ሊቀመንበሯ ጉልበት ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያዋን መርፌ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሊይዟት ሞከሩ። አውራ ጣታቸው አልታጠፈም። እጃቸውን አሻሽተው እንደገና ሞከሩ። አሁንም አልታጠፈም። ሲሰኩ ከከሰል ማንደጃው ላይ የተነሣ ትኩስ እጅ ነበር፤ የጣሪያው ጉዳይ ሲጓተት ቀዝቅዟል። ጉባኤው ባንድነት ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ለመዝገቡ ያህል፦ የሐኪም ፓንግ አውራ ጣት ከአምናው ብርድ ጀምሮ ራሱ ቁርጥማት እንደያዘው በጎዳናችን የማያውቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። መርፌን የሰካ እጅ ይነቅላል። ደቀ መዝሙር መምህሯ «ንቀይ» ሳይላት ከነቀለች፣ መምህሯ ከሙያው እጁን ሰቀለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሻይ ይዞ ሊጠይቀው ይመጣል እንጂ ጉልበት ይዞ አይመጣም። በሽተኛው ራሱ ነቅሎ ቢሄድ ደግሞ ከስድብ ይቆጠራል። አምና ሩዪን «ጋሼ፣ እጅዎን እኔ ልሞክረው?» ብትላቸው፣ «ድስት ማማሰያውን አይቀምስም» ብለው መልሰዋታል። ምን ለማለት እንደፈለጉ እስካሁን አልተብራራም።

ሐኪም ፓንግ ቀና ብለው «ትንሽ ይቆይ። ገና አልሠራም» አሉ።

እትዬ ሜንግ «እኔም ልልዎት ነበር፤ ገና ነው» አሉ።

ጋሼ ሉዎ «ኧረ ገና ነው፤ ምን አስቸኮለን» አሉ።

ሐኪም ፓንግ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተው ተቀመጡ። ሊቀመንበሯ ሌላ አጀንዳ አለ አሉ። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ ሌላ አጀንዳ እንደሌለ ቢያመለክት «አንተ ጻፍ» ተብሏል።

አጀንዳ 2፦ ዝናብ

ሊቀመንበሯ፣ ዝናብ ያለ ማስጠንቀቂያ በጎዳናችን እያለፈ የሰው መገጣጠሚያ እንደሚያሳብጥ ገልጸው፣ ከእንግዲህ ለኮሚቴው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጋሼ ሉዎ በማን በኩል እንደሚነገረው ጠየቁ። እማማ ሃኦ በወንዙ በኩል ይሁን አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ እንዲነገረው ተወሰነ። ዝናቡ በውይይቱ ጊዜ አላቋረጠም።

አሁንም ሐኪም ፓንግ እጃቸውን በእጅጌያቸው ውስጥ እያሹ ነበር። ሩዪን የከሰሉን ማንደጃ በእግሯ ገፋ አድርጋ አስጠጋችላቸው። በእግራቸው መልሰው ገፉት።

አጀንዳ 3፦ የአየር ጠባይ ትንበያ

ጋሼ ሉዎ፣ ዝናቡ እንደሚመጣ ቀኝ ጉልበታቸው ከትናንት ጀምሮ ነግሯቸው እንደነበር፣ ሬዲዮው ግን «ፀሐያማ» ብሎ እንደዋለ አስታወሱ። ስለዚህ ጉልበታቸው የጎዳናው የአየር ጠባይ ተንባይ ሆኖ እንዲሾም ሐሳብ አቀረቡ። እማማ ሃኦ ተቃወሙ። የእሳቸው ክርን የጋሼ ሉዎ ጉልበት ገና ዳንስ ሲረግጥ ጀምሮ ዝናብ ሲተነብይ የኖረ መሆኑን አስረዱ። ከዚህ በኋላ የተባለው ቃል በቃል እንዲጻፍ ሁለቱም ወገኖች ጠይቀዋል፦

«አንተ ልጅ፣ ያንተ ጉልበት ጭጋግና ዝናብ አይለይም።»

«የእርስዎ ክርን የተሾመ እንደሆነ እኮ ሙሽራ ሁሉ ሠርጉን ሰርዞ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ዝናብ!»

«ሁልጊዜ ስለሚዘንብ ነዋ። በጀልባህ ስንቱን ሰው አብሰብሰህ ታሻግር እንደነበር ረሳህ?»

«አብሰብሼም ቢሆን አሻግሬያለሁ። ክርንዎ ማንን አሻገረ?»

ጋሼ ሉዎ እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ከእንግዲህ ደቂቃ እንደማይቆዩ፣ ስብሰባውን ረግጠው መውጣታቸውን አስታወቁ። አስታውቀውም ተቀመጡ። ጸሐፊው በር ይከፍትላቸው እንደሆነ ቢጠይቅ «ዝም ብለህ ሞተርህን ጠግን» ተብሏል። ሞተሩ በቦታው አልነበረም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጉልበቱ ለዝናብ፣ ክርኑ ለነፋስ እንዲሾሙ፣ በሁለቱ መካከል አለመግባባት ቢነሣ የሊቀመንበሯ ወገብ እንዲዳኝ ተወሰነ።

ሐኪም ፓንግ በዚህ ጊዜ ተነሥተው እንደገና ሞከሩ። አሁን ወደ ጋሼ ሉዎ ነበር የሄዱት። በግራ እጃቸው ቀኙን ደግፈው፣ ጣታቸውን ወደ መርፌዋ አደረሱ። መርፌዋ ተነቀነቀች። ጋሼ ሉዎ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ቀጥለውም ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ፈገግታ ከዚህ በፊት በጋሼ ሉዎ ፊት ላይ ታይቶ አያውቅም፤ ለሰዉም አይመከርም።

«ትንሽ ይቆይ?» አሉ ሐኪም ፓንግ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ይቆይ፣ ይቆይ» አለ ጉባኤው።

አጀንዳ 4፦ የእማማ ሃኦ የግል ጉዳይ

እማማ ሃኦ ከምሳ ጀምሮ ሙቅ ውሃ ሲጠጡ መቆየታቸውን፣ መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ማዶ መሆኑን፣ ሌላውን ኮሚቴው ራሱ እንዲገነዘበው አሳሰቡ። ኮሚቴው ተገነዘበ። ሊቀመንበሯ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ወይ ብለው ጠየቁ። እማማ ሃኦ ጉዳዩ የሚተላለፍ ዓይነት እንዳልሆነ መለሱ። ጸሐፊው፣ ጉዳዩ በንዑስ ኮሚቴ ይታይ የሚል ሐሳብ አቅርቦ በእማማ ሃኦ አንድ እግር ጫማ ተመቷል። እሳቸውም ሲወረውሩ ክርናቸው እንዳልታመመ ለሐኪሙ ምስጋና አቅርበዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ እማማ ሃኦ እንዲታገሡ ተወሰነ። በድምፅ አሰጣጡ ላይ እማማ ሃኦ ብቻ ተቃውመዋል።

ሊቀመንበሯ ወደ አጀንዳ 5 እንለፍ አሉ። አጀንዳ 5 ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ጥቂት አስበው «ጎመን» አሉ። ስለ ጎመን ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «በጥቅሉ» አሉ።

ጋሼ ሉዎ በዚህ ጊዜ ሥነ ሥርዓት ሳይጠይቁ ተናገሩ።

«ፓንግ» አሉ። «እኔ ይሄን ጉልበት አንተ ፊት ስገልጥ ስንት ዓመቴ ነው? አንድ ቀን አፍሬ አውቃለሁ? ዕድሜ ልኬን ወንዝ የገፋሁ ሰውዬ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶኝ በልጄ ጀርባ ታዝዬ ነው መጀመሪያ የመጣሁብህ። ሳቅህብኝ?»

ሐኪም ፓንግ አልሳቁም ነበር፤ አሁንም አልሳቁም።

«ታዲያ የእኔ ጉልበት እንቢ ሲለኝ ያላፈርኩትን፣ ያንተ ጣት እንቢ ቢልህ ምን ሆነህ ነው እኛን እዚህ እንደ ደረቀ ዓሣ ሰቅለህ የምታስቀምጠን? ሴትዮዋ እኮ ሊያመልጣቸው ነው።»

ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ብቻ ተሰምቷል፤ ይህም ተመዝግቧል። ሊቀመንበሯ ጋሼ ሉዎን በዓይናቸው ገሠጿቸው። ጋሼ ሉዎ ወደ ወለሉ አዩ። ሩዪን መናገር ስለማይፈቀድላት አልተናገረችም፤ ግን የመርፌውን ሣጥን ከጭኗ ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሣጥን ማኖር በደንቡ አልተከለከለም።

ሐኪም ፓንግ ሣጥኑን ቆይተው አዩት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከእጅጌያቸው አውጥተው፣ የማጆንጉን ጠጠር ወደ ጎን ገፍተው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ያበጠው የአውራ ጣት ሥር ለሁሉም ታየ። ሁሉም ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ መሰለ።

«ሩዪን፣ ንቀይላቸው» አሉ። «ስትጨርሺ ወደዚህ ነይ።»

«ከማን ልጀምር፣ ጋሼ?»

«ከእኔ ነዋ!» አሉ እማማ ሃኦ።

ሩዪን በእማማ ሃኦ ጀመረች። እማማ ሃኦ ለዕድሜያቸው በማይገባ ፍጥነት ግቢውን አቋርጠዋል፤ መርፌው ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚሉ ሰዎች ይህ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ አይችልም፤ ሌላ ምክንያት ነበራቸውና።

ሌሎቹ መርፌያቸው ከተነቀለላቸው በኋላ መሄድ ይችሉ ነበር። የሄደ የለም። ሩዪን በሐኪም ፓንግ እጅ ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ሥጋ አንድ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር አንድ ሰካች። እጁን እንዲያሞቀው ከመርፌዎቹ ራስ ላይ የደረቀ የጭቁኝ ቅጠል ለኮሰችበት። ሐኪም ፓንግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያርሟት ነበር፦ አያያዝሽ ልል ነው፤ አትቸኩይ፤ ቶሎ በይ፤ ያን ያህል ዝቅ አትበይ፣ ፀጉርሽ ይቃጠላል፤ ማን ነው እንደዚህ ያስተማረሽ?

«እርስዎ ነዎት» አለች።

«እንዲያማ ከሆነ ደህና ነው» አሉ።

«ከበደዎት?» አለች። መርፌ ሰኪ ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መርፌው ቦታውን ካገኘ አካል ይከብዳል።

«አልከበደኝም።» ጥቂት ቆይተው፣ «ትንሽ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ከበደኝ» አሉ። እሳቸውን የሚያህል ሰው ይህን ሲናገር ሰምተን ስለማናውቅ ሁላችንም ዓይናችንን የምናሳርፍበት አጣን። ሊቀመንበሯ ሻይ ቀዱ። ጋሼ ሉዎ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ በሐኪሙ ግራ እጅ ላይ ያኖሩላቸው ጀመር። «ብላ እንግዲህ፤ ዛሬ በሽተኛ ነህ» አሏቸው። ሐኪም ፓንግም «አንተ ከምትፈለፍልልኝ ቁርጥማቱ ይሻለኛል» ብለው በሉ።

ጣቱ በዚያ ቀን ጨርሶ ታጠፈ ብሎ ጸሐፊው አይጽፍም። የሻይ ስኒ ግን ይዟል፤ ስኒውም አልወደቀም። ለማክሰኞና ለቅዳሜ ሕክምና ሐኪም ፓንግ ቦታውን እንደሚያሳዩ፣ ሩዪን እንደምትሰካ፣ እሳቸውም ከአጠገቧ ተቀምጠው እንደሚቆጧት ሁለቱ ያለ ምንም ውሳኔ ተስማምተዋል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጉልበት ይዞ የማይመጣ አባል በጎዳናው በኩል እንዳያልፍ ጋሼ ሉዎ በግል አስጠንቅቀዋል።

ልዩ ልዩ፦ እማማ ሃኦ ከተመለሱ በኋላ፣ የዛሬው ውሳኔ ሁሉ በመርፌ ተይዞ የተወሰነ በመሆኑ ሕጋዊነቱ እንደሚያጠራጥራቸው ገለጹ። ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ ሸራው አይለጠፍም። ዝናብ እንደ ፈለገ ይዘንባል። ጉልበቱም ክርኑም ከሹመታቸው ተነሥተዋል፤ ወገቡም ዳኝነቱን ለቋል። ጋሼ ሉዎ ረግጠው አልወጡም። ጎመን አልተነሣም። የሰካ እጅ ይነቅላል የሚለው ልማድ እንዳለ ይቀጥላል፣ በዛሬው ቀንም አልተጣሰም፤ ያየ ካለ አላየም። ይህን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እንዲቀድደው ታዝዟል፤ ጸሐፊውም ታዝዣለሁ ብሎ ወደ ኪሱ ከቶታል።

ስብሰባው ከየቤቱ የእራት ሽንኩርት መከተፍ ሲሰማ ተዘጋ።

ይህን ሁሉ ላነበበ ሰው ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ነገሩ ለካ የአንድ ሰው አውራ ጣት ነበር።